ስልክ አእምሯችንን ምን ያደርገዋል? ከጎንደር ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

ጎንደር ውስጥ ሰው ከተሰበሰበ ስለ ስልክ ሳይወራ አይቀርም። ቡና ላይም ይሁን ልቅሶ ቤት አንዱ «ይኼ ስልክ ጭንቅላታችንን ጨረሰው» ይላል። ሌላው «ኧረ እንዲያውም ዓይናችንን የገለጠው እሱ ነው» ብሎ ይመልስለታል። እኔ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ጥያቄው ከተማሪም ከወላጅም ይመጣብኛል። ደጋግመው የሚመጡትን መርጬ እዚህ መልሻለሁ። ጥናት ያለበትን በጥናት እደግፋለሁ፤ የራሴ አስተያየት ሲሆን የራሴ መሆኑን እናገራለሁ። የጥናቶቹ ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ስልክና ኮምፒውተር ዕድሜ ልክ መጠቀም አእምሮን ይጎዳል?

በአዎ ወይም በአይ የሚመለስ አይደለም። ዛሬ በየኪሳችን ያለው ዓይነት ስልክ የተስፋፋው አይፎን ከወጣበት ከ2007 ወዲህ ነው። ያን ዓመት የተወለደ ልጅ ገና አፍላ ወጣት ነው። ከስማርት ስልክ ጋር ተወልዶ፣ ከስማርት ስልክ ጋር ያረጀ ሰው በዓለም ላይ የለም። ስለዚህ «ዕድሜ ልክ ከተጠቀማችሁ እንዲህ ትሆናላችሁ» ብሎ በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው ካጋጠማችሁ ጠርጥሩት።

በእጃችን ያሉት አጫጭር ሙከራዎች፣ ሰዎችን ለጥቂት ዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች፣ እንዲሁም በጉልምስናቸው ኮምፒውተር ጀምረው ዛሬ በሸመገሉ ሰዎች ላይ የተሠሩ ምርምሮች ናቸው። እነዚህን አንድ ላይ ሳነባቸው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየኛል። አእምሮ የተወውን ሥራ ይረሳል። መንገድ ማስታወስን ለስልኩ የሰጠ ሰው መንገድ ይጠፋዋል። ማሰብን ለስልኩ የሰጠ ተማሪ ፈተና ላይ ብቻውን ሲቀመጥ ይቸገራል። ስልኩን ለቀጠሮ ማስታወሻ ብቻ የሚጠቀም ሰው ግን ይህ ነው የሚባል ጉዳት አይደርስበትም። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በሙሉ የሚሽከረከሩት በዚህ ሐሳብ ዙሪያ ነው።

«ቴክኖሎጂ አእምሮን ይለውጣል» ይባላል። ይህ አያስፈራም?

ብቻውን አያስፈራም። አዲስ ነገር የተማረ አእምሮ ሁሉ ይለወጣል። በ2010 የታተመ አንድ ጥናት ማንበብ የማይችሉ፣ በልጅነታቸው የተማሩ እና ካደጉ በኋላ ፊደል የቆጠሩ የብራዚልና የፖርቱጋል ሰዎችን አእምሮ በኤምአርአይ፣ ማለትም የአእምሮን ምስል በሚያነሳ መሣሪያ፣ አነጻጽሯል። ፊደል መቁጠር አእምሮ የሚታየውንና የሚሰማውን የሚያስተናግድበትን መንገድ ቀይሮት ተገኘ። ለውጡ በጉልምስናቸው በተማሩትም ላይ ታይቷል። እኛ ጋ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ ብዙ እናቶችና አባቶች አሉ። ማንም ተጎዱ አላለም። «አእምሮ ተለወጠ» የሚል ዜና ስታነቡ ምን አግኝቶ ምን አጣ ብላችሁ ጠይቁ።

ድሮ የዘመድ አዝማዱ ስልክ ቁጥር በቃሌ ነበር። አሁን የባለቤቴን እንኳ አላውቀውም። ማስታወስ እያቃተኝ ነው?

አልታመማችሁም። ቁጥሩን ስለማትደውሉት ነው። ድሮ በመስመር ስልክ ስንደውል እያንዳንዱን ቁጥር በጣታችን እንመታ ነበር። ሳናስበው እንለማመዳለን። አሁን የምንነካው ስም ነው። ዓይናችን ያላየው፣ ጣታችን ያልመታው ቁጥር አእምሯችን ውስጥ የሚገባበት በር የለውም።

በ2011 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዋ ቤትሲ ስፓሮው ከባልደረቦቿ ጋር በዚህ ጉዳይ ላይ የታወቀ ጥናት አሳትማለች። ሰዎች አጫጭር መረጃዎችን ኮምፒውተር ላይ እንዲጽፉ ተደረገ። ገሚሶቹ ኮምፒውተሩ እንደሚያስቀምጥላቸው ተነገራቸው፤ ገሚሶቹ እንደሚጠፋ። ይቀመጥላችኋል የተባሉት ያነሰ አስታወሱ። በሌላ ሙከራ ደግሞ ሰዎቹ ከመረጃው ይልቅ መረጃው የተቀመጠበትን ማህደር በተሻለ ያዙ። በጥናቱ ውስጥ ካሉት ሙከራዎች አንዱ በኋላ በሌሎች ሲደገም ተመሳሳይ ውጤት አልሰጠም። ስለዚህ «ጉግል ማስታወስን ገደለ» የሚለውን ወሬ አታጋኑት።

ደግሞም ይህ አዲስ ጠባይ አይደለም። በየቤተሰቡ የዘር ሐረግ ቆጥሮ የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ አይጠፋም። ሌሎቻችን ማን ከማን እንደሚዛመድ እሱን እንጠይቃለን። በዓሉ መቼ እንደሚውል ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ካህን ይጠየቃል። ሰው ማስታወስን ሁልጊዜም ከሌላ ሰው ጋር ተካፍሎ ነው የኖረው። አሁን ስልኩ ከሚካፈሉት አንዱ ሆነ።

ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አውቶቡስ መናኸሪያ ስልካችሁ ቢሰረቅ፣ የሰው ስልክ ተውሳችሁ ለማን ትደውላላችሁ? ቢያንስ የሦስት ሰው ቁጥር በቃላችሁ ያዙ። ልጆቻችሁም የእናታቸውንና የአባታቸውን ይያዙ። ይህ የአእምሮ ጤና ጉዳይ ሳይሆን የመንገድ ጥንቃቄ ነው።

የአብነት ተማሪዎች ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ይሉታል። እኛ አንድ አንቀጽ መያዝ አቃተን። አእምሯቸው ከእኛ ይለያል?

ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ። ጎንደር ሆኖ ይህን ሳይጠይቅ የሚኖር ሰው ካለ ከአጠገቡ ያለውን ሀብት አላየም ማለት ነው።

ሲወለዱ አይለዩም። የሚለያቸው አሠለጣጠናቸው ነው። የጎንደሯ በአታ ቤተ ክርስቲያን የላይ ቤት አቋቋም (የዝማሜና የሽብሸባ ትምህርት) ማስመስከሪያ ናት። ከየአገሩ ተማሪ ይመጣባታል። እዚያ የሚደርሱት ግን ብዙ መንገድ ተጉዘው ነው፤ መጀመሪያ ያለፉት በንባብ ቤት ነው። ንባብ ቤት ያለ ልጅ ቀን መጽሐፉን ይዞ ያነባል። ሲመሽ መጽሐፉ ይታጠፍና የቃል ትምህርት ይጀመራል። የኔታ ወይም ከፍ ያለው ተማሪ አንድ ሐረግ ይላሉ። ልጁ ይቀበላል። ይደግማል። ጨለማ ስለሆነ ዓይን የሚያርፍበት ፊደል የለም። ያለው ጆሮና ምላስ ብቻ ነው። በማግስቱ መጀመሪያ የሚጠየቀው የትናንቱን ነው። የትናንቱ ካልሄደለት አዲስ ቀለም አይጨመርለትም።

ይህ አሠራር የዛሬው ሥነ ልቦና ከሚያውቀው ጋር በሚገርም ሁኔታ ይገጥማል። በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን ተማሪዎችን አንድ ጽሑፍ አስነበቡ። ከዚያ ገሚሶቹ ደግመው አነበቡት። ሌሎቹ ሳያዩ ያስታወሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ሳያዩ የጻፉት በለጡ። ሳያዩ ከራስ ውስጥ መጎተት ትምህርቱን ያጸናዋል ማለት ነው። የኔታ ይህን ያለ ላብራቶሪ ሲያደርጉት ኖረዋል።

የአእምሮውስ ነገር? የሕንድ ሊቃውንት የጥንት የሳንስክሪት መጻሕፍትን ከልጅነታቸው ጀምሮ በቃላቸው ይይዛሉ። በ2016 በታተመ ጥናት የ21 እንደነዚህ ያሉ ሊቃውንት አእምሮ ከሌሎች 21 ሰዎች ጋር ተነጻጸረ። ከቋንቋና ከማስታወስ ጋር በተያያዙ ክፍሎች ላይ ልዩነት ተገኘ፤ ሂፖካምፐስ የሚባለውም ክፍል ከነዚህ አንዱ ነው። ጥናቱ ልዩነቱ ከሥልጠናው መምጣቱን ብቻውን አያረጋግጥም። ግን የእኛን የአብነት ተማሪ የሚመስል ሥልጠና በመሆኑ ለእኛ ትርጉም አለው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልምጣ። ተማሪዎቼ «ሁሉም ስልክ ላይ አለ፤ ለምን እሸመድዳለሁ?» ይሉኛል። የቅኔ ተማሪን ተመልከቱ። ደበሎውን ደርቦ ከሰው ራቅ ብሎ ይቀመጣል። በእጁ መጽሐፍ የለም። ቅኔውን በሐሳቡ ይቆጥራል። ሁለት ቤት ብቻ ያላት ጉባኤ ቃና እንኳ የግእዙን ግስ፣ የቤቱን ልክ፣ ታሪኩን፣ ምሳሌውን፣ ሰሙንና ወርቁን በአንድ ጊዜ ትጠይቃለች። እነዚህ ሁሉ በውስጡ ከሌሉ ምኑን ከምን ያገናኛል? ጓዳው ባዶ ከሆነ ወጥ አይሠራም። ሲመሽ ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታ ያቃናሉ። ቅኔው አዲስ ነው፤ ማንም ከዚያ በፊት አላለውም። በቃል መያዝና መፍጠር ጠላት አለመሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው። የዓለም ዋና ከተሞችን ዝርዝር ለስልክ መስጠት ይቻላል። የምትሠሩበትን ሙያ መሠረት ግን አትስጡት። ነርስ የመድኃኒት መጠን ስሌትን፣ አናጺ ልኬትን፣ ተማሪ የማባዛት ሰንጠረዥን በራሱ ይያዝ። አእምሮ የሚያገናኘው በውስጡ ያለውን ነው።

ባጃጅ ነጂ ነኝ። አንዳንድ ተሳፋሪ ካርታ ከፍቶ ነው የሚመራኝ። ካርታ መጠቀም መንገድ የማወቅ ችሎታን ያጠፋል?

ያሳንሳል የሚል ማስረጃ አለ። ጎንደር ላይ ቤት የሚፈለገው በመንገድ ስም አይደለም። «ከአራዳ ወርደህ፣ ወፍጮ ቤቱን አልፈህ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ አጥር» ነው የሚባለው። ይህን ሰምቶ ቤቱን የሚያገኝ ነጂ በራሱ ውስጥ የከተማ ካርታ አለው።

የለንደን ታክሲ ነጂዎች ፈቃድ ለማግኘት 25,000 ገደማ መንገዶችን በቃላቸው መያዝ አለባቸው። ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ዓመት ይፈጅባቸዋል። ኤሊኖር ማጓየር የምትባል ሳይንቲስት በ2000 እንዳሳተመችው የነጂዎቹ የኋለኛው የሂፖካምፐስ ክፍል ከሌላው ሰው ይበልጣል። ሂፖካምፐስ ቦታንና ትዝታን የሚይዝ የአእምሮ ክፍል ነው። «ምናልባት ሲፈጠሩም እንዲህ ይሆናሉ» ለሚሉ በ2011 መልስ ተገኘ። ሠልጣኞች ከሥልጠናው በፊትና በኋላ ተመረመሩ። ያደገው ፈተናውን ያለፉት ሰዎች ሂፖካምፐስ ብቻ ነው። ሌላም አለ፦ በአንድ መስመር ብቻ የሚመላለሱ የለንደን አውቶቡስ ነጂዎች ይህ ልዩነት አልታየባቸውም። በተወሰነ መስመር የምትሠሩና ኮንትራት የምትሠሩ ባጃጅ ነጂዎች ይህን ልብ በሉት።

የካናዳው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ በ2020 በ50 ነጂዎች ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ ጂፒኤስ አብዝተው የተጠቀሙት ያለ ጂፒኤስ መንገድ ሲያስታውሱ ደከም ብለው ተገኙ። ከ3 ዓመት በኋላ 13ቱ ተመልሰው ሲታዩ፣ በመሀል አብዝተው የተጠቀሙት የበለጠ አሽቆልቁለው ነበር። ቁጥሩ ትንሽ ነው። አቅጣጫው ግን ከለንደኑ ጋር ይስማማል።

መፍትሔው ካርታን መጣል አይደለም። ከመነሳታችሁ በፊት ካርታውን እዩት። ከዚያ ዝጉትና ሂዱ። ስትመለሱ አትክፈቱት። ለአዲስ ነጂ ይህ ጥሩ ልምምድ ይመስለኛል።

መጽሐፍ ገልጬ ሁለት ገጽ ሳልጨርስ እጄ ወደ ስልክ ይሄዳል። ትኩረቴ ተበላሸ?

ትኩረታችሁ መዝለል ለምዷል እንጂ አልተሰበረም። በነገራችን ላይ «የሰው ትኩረት 8 ሰከንድ ሆኗል፣ ከወርቅ ዓሣ አንሷል» የሚለው በየፌስቡኩ የሚዞር ወሬ መሠረት የለውም። አታጋሩት።

መሠረት ያለውን ልንገራችሁ። ግሎሪያ ማርክ የምትባል በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን ያለች ተመራማሪ ሰዎች አንድ ስክሪን ላይ ምን ያህል እንደሚቆዩ ለዓመታት ለክታለች። በ2004 በአማካይ 2 ደቂቃ ተኩል ነበር። በቅርብ ዓመታት ወደ 47 ሰከንድ ወርዷል። ይህ የሚለካው ልማድን ነው። ሰው ማተኮር አይችልም ማለት አይደለም። ጥሩ ድራማ ሲመጣ ሰዓት ሙሉ የሚቀመጥ ሰው ማተኮር አልተሳነውም።

ሌላው ስልኩ ያለበት ቦታ ነው። በ2017 የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ኤድሪያን ዋርድና ባልደረቦቹ ሰዎችን ስልካቸውን ጠረጴዛ ላይ፣ ኪስ ወይም ቦርሳ ውስጥ፣ ወይም ሌላ ክፍል አስቀምጠው ፈተኗቸው። ስልኩ ሌላ ክፍል የነበረባቸው የተሻለ ሠሩ። ስልኩ ድምፅ ሳያሰማ ነው ይህ የሆነው። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ድጋሚ ሙከራዎች ሁሉም እኩል ውጤት አላገኙም። ምክሩ ግን ምንም ስለማያስከፍል ሞክሩት። ስታነቡ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡ። አንድ ክፍል ቤት የሚኖር ተማሪ ለጎረቤት ይስጠው።

ስለ ንባብ ደግሞ ወረቀት ይሻላል። በ2018 54 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመሩ ሰዎች ከወረቀት ያነበበ ሰው ከስክሪን ካነበበው የተሻለ እንደሚረዳ አግኝተዋል። ልዩነቱ ትልቅ አይደለም። ግን ሰዓት ሲጠብና የሚነበበው ትምህርታዊ ጽሑፍ ሲሆን ይሰፋል። ፈተና የሚደርስበት ተማሪ ማስታወሻውን በቴሌግራም ፒዲኤፍ ብቻ ከሚያነብ ቢያሳትመው ወይም በእጁ ቢገለብጠው ይጠቀማል።

ልጄ 2 ዓመቱ ነው። ሥራ ሲበዛብኝ ዩቱብ እከፍትለታለሁ። ይጎዳዋል?

እዚህ ላይ ጠበቅ ብዬ ነው የምናገረው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ያወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ስክሪን ፊት መቀመጥን አይመክርም። ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለ በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ፣ ከዚያ ካነሰም ይሻላል ይላል። አሜሪካ ካሉ አያት ጋር በቪዲዮ ማውራት ከዚህ የተለየ ነው። እዚያ በወዲያ በኩል የሚመልስለት ሰው አለ።

ትንሽ ልጅ ቋንቋ የሚማረው ተናግሮ ሲመለስለት ነው። ቪዲዮ አይመልስም። ቡና ሲፈላ የሚሆነውን እዩ። ልጁ ከረከቦቱ አጠገብ ይቀመጣል። «ይኼ ምንድን ነው?» ይላል። «ዕጣን ነው፣ አትንካ፣ ያቃጥላል» ይባላል። «ለምን?» ይላል። አቦሉ ተጠጥቶ በረካው እስኪደርስ ጎረቤት ይገባል፣ ይስቃል፣ ይከራከራል። ልጁ ማን ማንን እንዴት እንደሚያናግር ይሰማል፤ ለትልቅ ሰው «እርስዎ» መባሉን ይይዛል። ያን ሰዓት ልጁ ስልክ ላይ ካፈጠጠ ይህ ሁሉ ያልፈዋል። ዩቱብ ራሱ ከሚያደርሰው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይህ የሚያልፈው ነገር ነው።

እናት ብቻዋን ስትሆን ስልኩ አንዳንዴ ግድ ይላል። ይገባኛል። በዚህ ማንም እናትን መውቀስ የለበትም። ግን ልጁ ሲበላና ሊተኛ ሲል አይሁን።

አባቴ ዕድሜያቸው 70 አልፏል። ስማርት ስልክ ልግዛላቸው ወይስ አእምሯቸውን ያደክማል?

ግዙላቸው። ለብዙዎች የሚገርመው መልስ ይህ ነው።

በ2025 ጃሬድ ቤንጅና ማይክል ስኩሊን የተባሉ የቴክሳስ ተመራማሪዎች ከ400,000 በላይ ሰዎችን ያካተቱ 57 ጥናቶችን ሰብስበው መረመሩ። ሰዎቹ በአማካይ 68 ዓመት የሆናቸው ናቸው። ኮምፒውተር፣ ኢንተርኔትና ስማርት ስልክ የሚጠቀሙት ካልተጠቀሙት ይልቅ የአእምሮ መዳከም የደረሰባቸው በጣም ጥቂት ሆነው ተገኙ። ልዩነቱ በትምህርት ደረጃና በጤና ብቻ የሚብራራ አልሆነም። እርግጥ አእምሮው የጠነከረ ሰው ስልክ ለመማር ይደፍራል፤ ስለዚህ የትኛው የትኛውን እንዳመጣ በዚህ ብቻ አይለይም። ቢያንስ ግን ሽማግሌን ስልክ ያደነዝዛል የሚለው ፍርሃት አልተደገፈም።

ለምን ሊጠቅም ይችላል? አዲስ ነገር መማር ነው። ከልጅ ልጅ ጋር መገናኘት ነው። የግፊት መድኃኒት ሰዓትን የሚያስታውስ ማንቂያም አለበት። የማስታወስ ችግር የጀመራቸው አዛውንቶች የስልክ ማስታወሻ ተጠቅመው ቀጠሯቸውንና ሥራቸውን በተሻለ እንዳከናወኑ የታየበት ጥናትም አለ።

ስትገዙላቸው ሦስት ነገር አድርጉ። ፊደሉን አተልቁት። ቴሌብር የሚስጥር ቁጥራቸውን ለማንም እንዳይነግሩ ደጋግማችሁ አስረዷቸው፤ አጭበርባሪ የሚያነጣጥረው በእነሱ ላይ ነው። ደግሞ በትዕግሥት አስተምሯቸው እንጂ ነጥቃችሁ አትሥሩላቸው። «አምጡ እኔ ላድርገው» ካላችሁ ጥቅሙ ከእጃቸው ወጣ።

ግን የአባታችሁ ጉዳይ ካሳሰባችሁ ከስልክ የሚቀድም ነገር አለ። በ2024 የወጣው የላንሴት ኮሚሽን ሪፖርት ከመርሳት በሽታ 45 በመቶ የሚሆነው ሊቀነሱ ከሚችሉ 14 ምክንያቶች ጋር እንደሚያያዝ ይገልጻል። ከእነዚህ ውስጥ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ የመስማት ችግር፣ ያልታከመ የዓይን ችግር፣ ብቸኝነትና እንቅስቃሴ ማነስ አሉ። ጆሯቸውን አስመርምሩ፤ ዓይናቸውን አሳዩ።

ተማሪ ነኝ። ቻትጂፒቲ የቤት ሥራዬን ይሠራልኛል። ውጤቴም ጥሩ ነው። ችግሩ ምንድን ነው?

ችግሩ የሚታየው ፈተና ላይ ነው። ቱርክ ውስጥ ወደ 1,000 የሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሒሳብ ትምህርት ተሞክረዋል። አንዱ ቡድን ተራውን ቻትቦት፣ ማለትም እንደ ቻትጂፒቲ ጥያቄ የሚመልስ ፕሮግራም፣ ተጠቀመ። በልምምድ ላይ ውጤታቸው በ48 በመቶ ተሻለ። ከዚያ ቻትቦቱ ተወሰደና ለብቻቸው ተፈተኑ። ፈጽሞ ካልተጠቀሙት ጓደኞቻቸው በ17 በመቶ አነሱ። ሌላው ቡድን መልስ የማይሰጥ፣ ፍንጭ ብቻ የሚሰጥ ቻትቦት ተጠቀመ። እነሱ በፈተናው አልተጎዱም።

ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ ለተማሪ ማቅረብ አልችልም። ያው አንድ መሣሪያ ነው። አንዱን ጎዳ፣ ሌላውን አልጎዳም። ልዩነቱ ማን አሰበ የሚለው ነው።

በ2025 ኤምአይቲ ከሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ሌላ ጥናትም 54 ሰዎች ድርሰት ሲጽፉ የአእምሯቸውን ሞገድ ለክቷል። በቻትጂፒቲ የጻፉት አብዛኞቹ ወዲያው ሲጠየቁ ከራሳቸው ድርሰት አንድ ዓረፍተ ነገር በትክክል መጥቀስ አቃታቸው። ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ጥናቱም ሲወጣ በሌሎች ባለሙያዎች አልተገመገመም ነበር። እኔ ግን ይህን ክፍል ውስጥ አየዋለሁ። የሚያምር ድርሰት ያመጣ ልጅ «ይህን ስትል ምን ማለትህ ነው?» ሲባል ዝም ይላል። ያሳዝነኛል፤ ልጁ ጎበዝ ነው፣ ዕድሉን ነው ያጣው።

እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ጥያቄውን በወረቀት ራሳችሁ ሞክሩ፤ ስህተትም ይሁን። ከዚያ «መልሱን አትንገረኝ፣ የት ጋ እንደተሳሳትኩ ጠቁመኝ» በሉት። በመጨረሻ ዝጉትና ለጓደኛችሁ አስረዱ። በአማርኛ ስትጠይቁት ደግሞ ታሪክና ስም ላይ ይሳሳታል። ስለ ጎንደር ነገሥታት የሚነግራችሁን ከመጽሐፍ አመሳክሩ።

ማታ አልጋ ላይ ስልክ መጎርጎር ከማሰብ ጋር ምን አገናኘው?

እንቅልፍ ያገናኘዋል። ቀን የተማርነው የሚጸናው ስንተኛ ነው። ቲክቶክ እንቅልፉን ከቆረጠው የቀኑ ትምህርት አብሮ ይጎዳል። ስልኩን ከአልጋ ርቆ ያለ ሶኬት ላይ ቻርጅ አድርጉት። ለማንቂያ ከሆነ ተነስታችሁ ማጥፋታችሁ ራሱ ይጠቅማል።

ነገሩ ካለፈስ? ስልክ ብቀንስ ትኩረቴ ይመለሳል?

ይመለሳል የሚል ጥሩ ማስረጃ አለ። በ2025 በታተመ ጥናት 467 ሰዎች ለ2 ሳምንት የስልካቸውን ኢንተርኔት እንዲዘጉ ተጠየቁ። መደወልና መልእክት መላክ ይችላሉ፤ ኮምፒውተርም አልተከለከሉም። ትኩረታቸው ተሻሻለ። መሻሻሉ 10 ዓመት ወደ ኋላ የመመለስ ያህል ነበር። ያን ጊዜ ሰው ለሰው በማውራት፣ በስፖርትና ከቤት ውጭ በመሆን ነው ያሳለፉት። ከሰዎቹ ብዙዎቹ 2 ሳምንቱን ሙሉ አልቻሉም። ሙሉውን ሳያደርጉትም ግን ተጠቅመዋል።

ይህን ስናገር አንዳንድ ሰው በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት የተቋረጠበትን ጊዜ ያነሳል። «ያኔ እኮ መጽሐፍ አንብቤ ነበር» የሚል አለ። እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ሁለቱን አንድ አታድርጓቸው። ያኔ ሰው ከሩቅ ካለ ዘመዱ ጋር ተቆራርጧል፣ ነጋዴ ሥራው ቆሟል፣ ተማሪ ማመልከቻው አምልጦታል። ሳይወዱ የተነጠቁት ነገር አእምሮን አያሳርፍም። የጥናቱ ሰዎች ፈቅደው፣ ቀኑን አውቀው፣ ሲፈልጉ እንደሚከፍቱት እያወቁ ነው የዘጉት።

ለመጀመር ቅዳሜ ከሰዓትን ምረጡ። ለቤተሰብ «ከፈለጋችሁኝ ደውሉ» በሉና ዳታውን ዝጉ። ከጓደኛ ጋር ወደ ቁስቋም ውጡ። ፎቶ ማንሳት ትችላላችሁ፤ ዳታ አይፈልግም። የመጀመሪያዋ ሰዓት ትከብዳለች፤ እጃችሁ ደጋግሞ ወደ ኪስ ይሄዳል። ከዚያ ቀለል ይላል። ማታ ስትከፍቱት ምን ያህሉ መልእክት በእርግጥ አስቸኳይ እንደነበር ቁጠሩት። በሚቀጥለው ሳምንት ምን ያህል መዝጋት እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ ያ ቁጥር ነው።